አንድ ጊዜ ብቻ ያየናቸው ሰዎች



ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መገናኘታቸውን የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ይነግረናል። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። የሀገራችን ስም ስላለበት እንወደዋለን፤ መውደዳችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ደስታ ላይ ቆመን ስለምንቀር፣ ታሪኩ ስለ መንገድ ግንኙነት የሚያስተምረውን ሳናስተውል እናልፋለን። በዚህ እትም ልናጠናው ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ሳናስበው የምናገኘው፣ በጎ ፊት አሳይቶን የሚያልፍ፣ ምናልባትም ዳግመኛ የማናየው ሰው በሕይወታችን ውስጥ ምን ትቶልን እንደሚሄድ ነው።

እስቲ ታሪኩን ቀስ ብለን እንመልከተው። ጃንደረባው የንግሥት ህንደኬ ሹም፣ በገንዘቧም ሁሉ ላይ የተሾመ ሰው ነው። ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነባል። ፊልጶስ ደግሞ እግረኛ ነው። መንፈስ ቅዱስ ወደ ሠረገላው እንዲቀርብ ባዘዘው ጊዜ ሮጦ እንደ ደረሰ ተጽፏል፤ እንግዲህ በዚያ ምድረ በዳ ላቡ እየወረደ፣ አቧራ ለብሶ የቀረበ ሰው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ሹሙ ሠረገላ ነጂውን «ንዳ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ፊልጶስም ቢሆን በስብከት አልጀመረም፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ጠየቀው እንጂ። ታላቁ ነገር የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ያ ባለሥልጣን የሚመራው ሰው እንደሌለው፣ ስለዚህም ማስተዋል እንዳቃተው፣ ለማያውቀው እግረኛ ሳያፍር ተናገረ፤ ተናግሮም አልቀረ፣ ወጥቶ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። ለመሆኑ ከሁለቱ እንግዳው ማን ነው? ተቀባዩስ? ሠረገላውን ካየን ባለቤቱ ጃንደረባው ነው፤ የቃሉን ማዕድ ካየን ግን ያስተናገደው ፊልጶስ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። ውሃ ወዳለበት ደረሱ፤ ጃንደረባው ተጠመቀ። ከውሃው በወጡ ጊዜ ግን የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ሁለቱም ዳግመኛ አልተያዩም። አንዱ በአዛጦን ተገኘ፤ ሌላው የሀገሩን መንገድ ቀጠለ። አዲሱ ክርስቲያን ነገ አንድ ጥያቄ ቢነሣበት የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም። እኛ ብንሆን ኖሮ «ምነው ጥቂት ቢቆይለት» ባልን ነበር። ቅዱስ ሉቃስ ግን ስለ ኀዘን አንድም ቃል አልጻፈም፤ የጻፈው ስለ ደስታው ነው። ቅዱስ ኢሬኔዎስ በሁለተኛው ምእት ዓመት እንዳስተማረው፣ ይህ ሰው ያመነውን ሊሰብክ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። ፊልጶስ የዘራው ዘር ሲያፈራ በዓይኑ እንዳየ ግን የሚነግረን የለም።

በባሕር ዳር የተገኘው ሽማግሌ

ከጥንት አባቶች መካከል ስለዚሁ ነገር በራሱ ሕይወት የመሰከረ አንድ አለ፤ ሰማዕቱ ቅዱስ ዮስጢኖስ ነው። ዛሬ ናብሉስ በምትባለው የሰማርያ ከተማ ተወልዶ፣ እውነትን ፍለጋ ከአንዱ የፍልስፍና መምህር ወደ ሌላው ሲንከራተት የኖረ ሰው ነበር። «ከትሪፎን ጋር የተደረገ ውይይት» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ጉዞውን ሲተርክ ጥቂት ፈገግ ያሰኛል። አንደኛው መምህር ስለ እግዚአብሔር የሚነግረው አልነበረውም። ሁለተኛው ከጥቂት ቀን በኋላ የትምህርት ዋጋ እንዲቆርጥለት ጠየቀው። ሦስተኛው አስቀድሞ ሙዚቃን፣ የከዋክብትን ትምህርትና ጂኦሜትሪን ካልተማረ እንደማይቀበለው ነገረው። በመጨረሻ የፕላቶንን ተከታዮች አግኝቶ በእነርሱ ደስ ተሰኘ።

ከዕለታት አንድ ቀን ብቻውን ሊያስብ ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ፣ ፊቱ የዋህ የሆነ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ይከተለዋል። ዘወር ብሎ ያየዋል፤ ይነጋገራሉ። ሽማግሌው ወደዚያ የመጣው ከቤተ ሰዎቹ የራቁበት ስለነበሩ ስለ እነርሱ ተጨንቆ፣ ምናልባት ብቅ ይሉ እንደሆነ ሊያይ ነበር። የራሱ ጭንቀት ያለበት ሰው ነው እንግዲህ የወጣቱን ፈላስፋ ጥያቄ በትዕግሥት የሰማው። ስለ ነፍስ፣ ስለ ነቢያት፣ ስለ ክርስቶስ ነገረው፤ የብርሃን በር ይከፈትለት ዘንድ እንዲጸልይ መከረውና ሄደ። ዮስጢኖስ ከዚያ በኋላ አላየውም። ስሙንም አልነገረንም፤ ምናልባት አልጠየቀውም። ነገር ግን በነፍሱ ውስጥ የተጫረው እሳት አልጠፋም፤ በ165 ዓ.ም. ገደማ በሮም ስለ ክርስቶስ ደሙን እስኪያፈስ ድረስ አደረሰው። ያንን ሽማግሌ ቤተ ክርስቲያን በስሙ አታከብረውም፤ መቅደስም አልታነጸለትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ከመምህራኑ መካከል ገንዘብ የጠየቀ አለ፤ ብቃት የጠየቀ አለ። ሽማግሌው የጠየቀው ነገር የለም።

«እንግዳ» የሚለው ቃል

በቋንቋችን የማናውቀውን ሰውና በቤታችን የምንቀበለውን ሰው የምንጠራው በአንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም «እንግዳ» ናቸው። በግእዝም እንግዳ «ነግድ» ይባላል፤ «ነጋዴ» የምንለውም ከዚያው ሥር የወጣ ነው፤ በጥንቱ አነጋገር መንገደኛ ማለት ነውና። አባቶቻችን የማይታወቀውንም ሰው እንግዳ ብለው ጠሩት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለንም። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚል መልስ ይሰጠው ነበር። እግሩ ይታጠባል፣ ከመሶቡ ይቀርብለታል፣ መደብ ይነጠፍለታል። በማግሥቱ መርቆ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ዳዊቱን የደገመው፣ ቅኔውን የተቀኘው ስማቸውን በማያውቃቸው እናቶች ቁራሽ ነው። የሀገራችን ሊቃውንት ስንቱን እንዲህ ያለ ቁራሽ በልተው እንደ ተማሩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚባለውም ከዚሁ ልማድ የወጣ ነው። ፍትፍት የሌለው ድኃም ቢሆን ፊት አለው።

እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ የመንገድ ግንኙነት አጭር ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ በወረዱት መልእክተኞች መካከል ጎጃሜው መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ በዚያው ጉዞ ኢጣሊያዊው አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ በኋላ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ አብረው ተጓዙ። ሀገራቸው ሌላ፣ ቋንቋቸው ሌላ፣ የሃይማኖት ትምህርታቸውም በዚያን ጊዜ የተለያየ ነበር። የጉዞ ጓደኝነታቸው ግን ወደ አባትና ልጅ ፍቅር ተለወጠ፤ አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ዓ.ም. ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ፤ በ1855 ዓ.ም. በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ዐረፉ። በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ተባሉ፤ የጉዞ ጓደኛቸውም በ1975 ዓ.ም. ቅዱስ ተባሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በሰፊው አንተርከውም። በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያሳስበን ፍሬው ያልታየው፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በአንድ ቀን ያለቀው ግንኙነት ነው።

በዓባይ በረሃ

አንባብያን ይቅርታ ያድርጉልንና ከራሳችን ሕይወት አንድ ነገር እናንሣ። ከሃያ ዓመታት በፊት የዘርአ ክህነት ተማሪ ሳለን፣ ትምህርቱን ለመተው ቈርጠን ወደ ቤተ ሰቦቻችን እንሄድ ነበር። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ በዓባይ በረሃ መካከል ተበላሸ። ሾፌሩና ረዳቱ ከሞተሩ ጋር ሲታገሉ ተሳፋሪው በየድንጋዩ ጥላ ሥር ተበታተነ። ሙቀቱ የሚታወቅ ነው። እኛም ከሰው ርቀን ተቀምጠን ለእናታችን የምንነግርበትን ቃል በልባችን እናሰናዳ ነበር።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት መጥተው ከአጠገባችን ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የገብስ ቆሎ ዘረገፉልን። አልፈለግንም አልናቸው። «ልጄ፣ በባዶ ሆድ ነገር አይቈረጥም፤ ቅመስ» አሉን። ስለ ምን እያሰብን እንደነበር አልነገርናቸውም ነበር፤ ምናልባት ከፊታችን አንብበውት ይሆናል፤ ምናልባትም ለሁሉ ሰው የሚሉት ይሆናል። እየቈረጠምን ሳለ፣ ለአለቆቻችንም ለንስሐ አባታችንም በቅጡ ያልነገርነውን ነገር ለእርሳቸው ነገርናቸው። ሰው ለእንግዳ የሚናገረው ለዘመድ የማይደፍረውን ነው፤ እንግዳው ወሬውን ይዞ የሚሄድበት ቤት የለምና። እርሳቸውም «ተው» አላሉንም፣ «ቀጥል» አላሉንም። ሰሙን፤ «እናትህን ስትስማት መጀመሪያ ስለ እርሷ ጠይቃት» ብቻ አሉን።

ከዚያ በኋላ ነው ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቅናቸው። የእኅታቸው መርዶ ዘግይቶ ደርሷቸው፣ ከቀብር በኋላ ለለቅሶ መሄዳቸው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን ያየነው ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊታችን ተቀምጠው ሳለ በራሳችን ነገር ተውጠን አላስተዋልንም ነበር። አውቶቡሱ ተጠግኖ ዳገቱን ወጣ፤ ደጀን ላይ ወረዱ። እጃቸውን ስመን ተለየን። ስማቸውን አልጠየቅንም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል አልነበሩም፤ ይህም በመካከላችን አልተነሣም።

ወደ ዘርአ ክህነት የመለሰን ያ ቆሎ ነው ብለን አንምልም። ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩ። ነገር ግን ያን ማታ ያሰናዳነውን ቃል ለእናታችን አልተናገርንም፤ እንደ ተመከርነው ስለ እርሷ ጠየቅናት፤ እርሷም የምትነግረን ብዙ ነገር ነበራት። ዛሬ በመሥዋዕተ ቅዳሴ ሙታንንና ሕያዋንን ስናስታውስ የእኒያን እናት የክርስትና ስም ስለማናውቅ «በዓባይ በረሃ ያገኘናቸው» እያልን እናስባቸዋለን።

የማይመለስ ብድር

የእንዲህ ያለ ግንኙነት ዋጋ ለምን አያልፍም? ለወዳጅ ውለታው ይመለሳል፤ ዛሬ ቢያበድረን ነገ እናበድረዋለን፣ ቢደግስልን እንደግስለታለን። ለመንገድ ሰው ግን የምንመልስበት መንገድ የለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድር መመለስ የማይችሉትን እንድንጋብዝ ሲያስተምር ስለ ሰጪው ነው የተናገረው፤ እኛ ደግሞ ከተቀባዩ ወገን ስናየው፣ ብድሩ ከእጃችን እንደማይወጣ እናያለን። ለሰጠን ሰው መመለስ ስላልቻልን ለሌላ መስጠት አለብን። የመላጥያ ደሴት ሰዎች ከተሰበረው መርከብ የወጡትን 276 ነፍሳት በዝናብና በብርድ እሳት አንድደው ተቀበሉ (ሐዋ. 27-28)። ከመካከላቸው በስም የተጠቀሰው ፑፕልዮስ ብቻ ነው፤ እሳቱን ያነደዱት ስማቸው የለም። ከተሞቁት መካከል ግን ቅዱስ ጳውሎስ ነበረ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው መልእክታቸው ሁለተኛውን ምዕራፍ በመንገድ ላይ ስላለው እንግዳ ብለው ሰይመው ስለ ደጉ ሳምራዊ በሰፊው አስተምረዋል። በዚያው መልእክት ስለ ቸርነትና ስለ መልካም አነጋገርም ተናግረዋል፤ ጊዜ ወስዶ ሌላውን የሚያይ ሰው በዘመናችን እየጠፋ መሄዱ አሳስቧቸው ነበር። እኛ ከሳምራዊው ታሪክ የምንጨምረው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በማግሥቱ መንገዱን መቀጠሉ ነው። ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ስመለስ ቀሪውን እከፍላለሁ አለና ሄደ። ሥራውን ትቶ ከቍስለኛው ጋር አልቀረም፤ ወንጌሉም ስለዚህ አይወቅሰውም።

ተቃውሞ የሚያነሣ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ለመንገደኛ ፈገግ ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ ከሚስት፣ ከአማት፣ ከጎረቤት ጋር በየቀኑ መታገሥ ነው የሚል። እውነቱን ነው። ከውጭ ማር፣ ከቤት እሬት የሆነ ሰው ሁላችንም አናጣም። ነገር ግን ፈውሱ ለመንገደኛው ፊትን ማጥቈር አይደለም።

ስለ ጥንቃቄ

በተለይ ልጆችን የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት ስትሰጡ አንድ ነገር አትርሱ። በየአውቶቡስ መናኸሪያው ከገጠር የምትመጣውን ልጅ በፈገግታ የሚቀበል ደላላም አለ። እርሱም «እኅቴ» ይላል፤ ሻይ ይጋብዛል፤ ሥራ አስገባሻለሁ፣ ዐረብ ሀገር እልክሻለሁ ይላል። ስንቶቹ እኅቶቻችን በዚህ መንገድ እንደ ተጎዱ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ልጆቻችንን እንግዳን ውደዱ እያልን ወደ ወጥመድ እንዳንሰዳቸው እንዴት እናስተምር?

መጽሐፈ ጦቢት በምዕራፍ 5 መልሱን ይሰጣል። ወጣቱ ጦብያ ወደ ሜዶን ሀገር የሚመራውን ሰው ሲፈልግ ሩፋኤልን አገኘ፤ መልአክ መሆኑን ግን አላወቀም። ወዲያው ተከትሎት አልሄደም፤ አስቀድሞ ለአባቱ ነገረ። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ጦቢትም እንግዳውን አስጠርቶ ከማን ወገን እንደሆነ መረመረው፤ የቀን ደመወዙንም ተዋዋለው። መልአኩ በዚህ አልተቈጣም። ከአባት ፊት ቀርቦ መጠየቅን አልሸሸም። ልጆቻችንም ይህን ይወቁ፤ የእግዚአብሔር መልእክተኛ የቤቱን ሰው አይፈራም። «ለእናትሽ አትንገሪ» የሚል እንግዳ ግን ሩፋኤል አይደለም።

በቁምስናችን በር

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የሚከሰን አንድ ነገር አለ። ክህነት ተቀብለን በአንዲት ቁምስና ስናገለግል፣ አንድ እሑድ ሁለት ቅዳሴ ቀድሰን፣ ሁለት ሕፃናት አጥምቀን፣ በጣም ደክሞን ከግቢው ልንወጣ ስንል አንድ ጎልማሳ በበሩ ቆሞ አገኘን። በእጁ ፌስታል ይዟል። ሰላምታ ሰጥቶን ጥቂት ሊያነጋግረን እንደሚፈልግ ነገረን። «ነገ በቢሮ ሰዓት ይምጡ» አልነው። ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ በትሕትናም ነበር የተናገርነው። እርሱም «እሺ አባ፣ ይፍቱኝ» ብሎ ሄደ። በማግሥቱ አልመጣም። በሌላም ቀን አልመጣም። ምእመናኑን ብንጠይቅ የሚያውቀው አልተገኘም። ነገሩ ቀላል ይሁን ከባድ አናውቅም፤ አንድ ቁራሽ ቆሎ የሚበቃው ነገር ሊሆን ይችል ነበር። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 3 በእጃችን ያለውን ነገ ና ብለን እንዳናዘገይ የሚያስጠነቅቀውን ቃል ደጋግመን ሰብከነው ነበር።

ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው ምእት ዓመት በጻፈው ሥርዓተ ገዳም በምዕራፍ 66 ስለ በረኛው ይናገራል። በበሩ የሚቀመጠው አስተዋይ ሽማግሌ እንዲሆን፣ ክፍሉም ከበሩ አጠገብ እንዲሆን፣ የሚያንኳኳ ሁሉ ወዲያው መልስ እንዲያገኝ አዘዘ፤ ድኃ ሲጣራ በረኛው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ እንዲመልስ ጻፈ። እኛ ለበር የምንመድበው ብዙ ጊዜ ዘበኛ ነው፤ ሥራውም ማስቆም ነው።

ስለሆነም በየቁምስናው ያላችሁ መምህራን ይህን ትምህርት በሁለት እሑድ ብታስተምሩት መልካም ነው። በመጀመሪያው፣ ሐዋ. 8 ከተነበበ በኋላ ተማሪዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትንና ያልረሱትን አንድ ሰው ያስታውሱና ይናገሩ፤ ሽማግሌዎቹንም አትለፏቸው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚናገሩት ያላቸው እነርሱ ናቸው። ለእነዚያ ሰዎች በስም ሳይሆን በተገኙበት ቦታ ይጸለይላቸው፤ በዚያ ገበያ፣ በዚያ ሆስፒታል፣ በዚያ የስደት መንገድ እየተባለ። በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዎች በበሩ እንዲቆሙ ተነጋገሩ፤ አንዱ በዕድሜ የገፋ፣ አንዱ ወጣት ቢሆኑ ይሻላል። ስም የሚመዘግቡበት ወረቀት አይያዙ። አዲስ ፊት ሲያዩ «ከየትኛው ቁምስና ነዎት?» ብለው አይጀምሩ። «ከሩቅ ነው የመጡት? እስቲ አረፍ ይበሉ» ይበሉና ወንበር ያቅርቡ።